ሶሉ የተላቀቀ የተራራ ቦት ጫማን በቤት ውስጥ መጠገን፦ የትኛው ማጣበቂያ፣ በምን አዘገጃጀት?

ተራራ መሪ (ደባርቅ) የጠየቀው፦

ሰላም ለሁላችሁ። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንግዶችን እየመራሁ የምተዳደር አስጎብኚ ነኝ። ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ፣ አንዳንዴም እስከ ራስ ደጀን ጫፍ ድረስ የምንመላለሰው በእግራችን ስለሆነ፣ ከሥራ ዕቃዎቻችን ሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው ጫማ ነው። እኔም ሆንኩ ባልደረቦቼ የምናደርጋቸው ቦት ጫማዎች አብዛኞቹ ጎብኚዎች ጉዟቸውን ጨርሰው ሲሄዱ የሚተዉልን ወይም ወዳጅ ዘመድ ከውጭ አገር የሚልክልን ናቸው፤ አዲሱን እንግዛ ብንል ዋጋው የሚቀመስ አይደለም።

አሁን በእጄ ሁለት ጥንድ አለ። የመጀመሪያው ወፍራም የቆዳ ቦት ሲሆን፣ የላይኛው ቆዳ አንድም ቦታ ሳይቀደድና ስፌቱም ሳይነካ፣ የግራው ሶል ቁልቁለት ላይ ከተረከዙ ተነሥቶ እስከ መሃል ድረስ ተላቀቀብኝ። በታችኛው ጎማና በቆዳው መካከል ግራጫ ስፖንጅ የመሰለ ወፍራም ንጣፍ አለ። ቀኙ እስካሁን ደህና ነው። ሁለተኛው ቀለል ያለ፣ ጥቁር ሶል ያለው ጫማ ነው፤ ከአፍንጫው በኩል አፉን ከፍቶ ጠጠር ያስገባል፤ የተረከዙም የውጭ ጠርዝ በአንድ ጎን ተበልቶ አልቋል።

የሚሰጠኝ ምክር እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆኖብኛል። አንዱ ባልደረባዬ ሱፐር ግሉ ጠብ ጠብ አድርግበት፣ ወዲያው ይይዛል ይላል፤ ሌላው ሱፐር ግሉ ተራራ ላይ ውሎ አያድርም፣ ማስቲሽ ግዛ ይለኛል፤ የከተማችን ጫማ ሰፊ ደግሞ ማስቲሽ ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ዙሪያውን በክር እሰፋዋለሁ ብሎ የቆዳውን ቦት ተቀብሎኝ ነበር። ይሁን እንጂ ግራጫውን ንጣፍ በአውራ ጣቱ ጫን ብሎ ካየ በኋላ ምክንያቱን ሳይነግረኝ ጫማውን መልሶ ሰጠኝ። ስለዚህ የትኛው ማጣበቂያ ለየትኛው ጫማ እንደሚሆን፣ ከመለጠፌ በፊት ምን ማድረግ እንዳለብኝ፣ የደባርቅ ብርድስ ሥራውን ያበላሽ እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ። የተበላውን ተረከዝ በማጣበቂያ መሙላት ይቻል እንደሆነም ብትነግሩኝ።

ወስፌ (አዲስ አበባ፣ ጫማ ሠሪ) የመለሰው፦

ወንድሜ፣ የሁለቱ ጫማዎች ችግር ለየቅል ስለሆነ መልሱንም ለየብቻው እሰጥሃለሁ። የቆዳውን ቦት ለጊዜው አቆየውና በጥቁሩ ልጀምር፤ ሶሉ እውነተኛ ጎማ ከሆነ በቤት ውስጥ በደንብ የሚጠገን ዓይነት ነው።

በመጀመሪያ አፉን የከፈተውን ቦታ ብቻ ለመለጠፍ አትቸኩል። ሶሉን ይዘህ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ሳበው፤ በቀላሉ የሚላቀቀው ሁሉ ይላቀቅና ጠንክሮ እምቢ ያለህ ቦታ ላይ አቁም፤ ዛሬ ሳትከፍተው ያለፍከው ደካማ ቦታ ነገ ከአዲሱ ማስቲሽ አጠገብ ራሱን ይከፍታልና። ውስጡን ስትገልጠው የምታየው ቢጫ ወይም ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ ስስ ሽፋን የፋብሪካው አሮጌ ማጣበቂያ ነው። በእርሱ ላይ አዲስ ማስቲሽ መቀባት ተልጦ በተንጠለጠለ የግድግዳ ቀለም ላይ ቀለም እንደ መቀባት ስለሆነ፣ ሁሉንም ፍቀህ አውጣው። ለዚህ ቁጥር 60 ወይም 80 የብርጭቆ ወረቀት ይበቃል፤ ጠባቡ ስንጥቅ ውስጥ ጣትህ ስለማይገባ ወረቀቱን በአሮጌ ቢላዋ ጀርባ ላይ ጠቅልለህ አስገባው። ጎማው አንጸባራቂነቱ ጠፍቶ ደብዛዛና ሸካራ እስኪሆን፣ ቆዳው ደግሞ ጭረቱ ተነሥቶ ለስላሳ ፀጉር የመሰለ ፊት እስኪያወጣ ድረስ ፈግፍገው። ከዚያ አቧራውን አራግፈህ በአልኮል በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጥረገውና ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። በላምባ ወይም በናፍጣ የሚጠርጉ አሉ፤ እነዚህ የሚተዉት ቅባት ማስቲሹ እንዳይዝ ስለሚያደርገው አንተ አታድርገው።

ማስቲሹን በሁለቱም ፊት ላይ፣ ማለትም በሶሉም በቆዳውም ላይ፣ በብሩሽ ስስ አድርገህ ቀባ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ አፍስሰው ገና እርጥብ ሳለ ይጫኑታል። ማስቲሽ እንደ ሌላው ሙጫ በእርጥቡ የሚይዝ አይደለም፤ የሚይዘው ከሁለት ወገን ደርቆ ሲገናኝ ነው። የመጀመሪያውን ቅብ ቆዳው ስለሚጠጣው ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተህ ሁለተኛ ድገመው። ከዚያ እንደ አየሩ ሁኔታ ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ ጠብቀህ በጣትህ ጀርባ ንካው፤ ጣትህን ይዞ ክር እየጎተተ ከተነሣ ገና ነው፤ ነክተኸው ምንም ሳይተውብህ ጣትህ ከተነሣ ደርሷል። የፀጉር ማድረቂያ ካገኘህ ሁለቱንም ፊት ለጥቂት ጊዜ አሙቃቸው፤ ሙቀቱ የደረቀውን ማስቲሽ መልሶ ስለሚቀሰቅሰው ሲገናኝ የበለጠ ይነክሳል።

ስታገናኘው ከጥልቁ ጥግ ጀምረህ ወደ ውጭ እየጫንክ ና። አንዴ ከነካካ ማንቀሳቀስ የለም። ውስጡን በእንጨት ወይም በድንጋይ ደግፈህ ከውጭ በመዶሻ ደጋግመህ ምታው። ይህን ዘንግተው ሌሊቱን ሙሉ ከባድ ነገር ሲጭኑበት የሚያድሩ አሉ፤ ለማስቲሽ ግን ከረጅም ጊዜ ጭነት ይልቅ በመጀመሪያዋ ደቂቃ የሚያርፍበት ብርቱ ጫና ይበልጣል። ከዚያ ጫማውን በጨርቅ ሞልተህ፣ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በረጅሙ ቆርጠህ ዙሪያውን አጥብቀህ ጠምጥምበትና አስቀምጠው። በቆላ አንድ ቀን ይበቃዋል፤ እንደ ደባርቅ ባለ ደጋ ግን ሁለት ሦስት ቀን ሳይቆይ ወደ ተራራ አትውጣበት።

ተረከዙን በማጣበቂያ አትሙላ። የተበላውን ጠርዝ በሞረድ አስተካክለህ ጠፍጣፋ ካደረግክ በኋላ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ወይም ከታኮ ጎማ በሽብልቅ መልክ የተቆረጠ ቁራጭ በማስቲሽ ለጥፍበት፤ ሁለት ሦስት ትናንሽ ምስማሮችም ጨምርበትና አናታቸው ወደ ጎማው ሰጥሞ መግባቱን አረጋግጥ። ቀሪውን ጠርዝ በሞረድ ከሶሉ ጋር ታስተካክለዋለህ።

የኬሚስትሪ መምህርት (ጎንደር) የመለሰችው፦

ከላይ የተሰጠው መመሪያ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ለምን እንደዚያ እንደሚሆንና ጫማ ሰፊው የቆዳውን ቦት ለምን እንደመለሰልዎ ነው።

ያ ግራጫ ንጣፍ በብዙ የተራራ ቦቶች ላይ የሚገኝ ፖሊዩሪቴን የሚባል አረፋማ ቁስ ሳይሆን አይቀርም። ቀላልና ምቹ በመሆኑ አምራቾች ይወዱታል፤ ነገር ግን በተለይ ፖሊኤስተር ከተባለው ወገን የሚሠራው ዓይነት ከአየር ላይ የሚወስደው እርጥበት ሞለኪውሎቹን የሚያያይዘውን ሰንሰለት ቀስ በቀስ ይበጥስበታል። ይህ ሂደት ሃይድሮሊሲስ ይባላል። በሚበጠስበት ጊዜ አሲድ ስለሚፈጠርና አሲዱ ራሱ መበጠሱን ስለሚያፋጥነው፣ ለዓመታት ምንም ሳያሳይ የቆየ ሶል ድንገት በአንድ ጉዞ ይበታተናል። ጫማው ብዙ መረገጡ አይደለም ምክንያቱ፤ ሳጥን ውስጥ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀመጠ፣ መሬት ያልነካ አዲስ ቦትም ያው ነው የሚገጥመው። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚታየው ከተመረተ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ሙቀትና እርጥበት ያሳጥሩታል።

ስለዚህ ይህን ፈትሹ፦ ግራጫውን ንጣፍ በአውራ ጣትዎ ጥፍር ጠበቅ አድርገው ይጫኑት። ደህና ከሆነ ይሰረጉድና ወዲያው ይመለሳል። ጥፍርዎ ሰጥሞ ከቀረ፣ ከተሰነጠቀ ወይም እንደ ዱቄት ከረገፈ፣ ማስቲሹ የሚይዘው ነገር የለም። ማጣበቂያው የራሱን ሥራ ቢሠራ እንኳን የሚላቀቀው ከማጣበቂያው አጠገብ ያለው የተበላሸ አረፋ ነው። ጫማ ሰፊው በጣቱ ጫን ብሎ ያየው ይህንን ይመስለኛል፤ ሰውየው ገንዘብዎን ተቀብሎ ሊሰፋልዎ ይችል ስለነበር መልሶ መስጠቱ ያስመሰግነዋል። ቀኙ ደህና መምሰሉም አያታልልዎ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የተመረቱ ናቸውና ቀኙንም ይፈትኑት።

ለጥቁሩ ሶል ደግሞ ከምን እንደተሠራ መለየት ይጠቅማል። ከማስቲሹ ራቅ ብለው፣ ደጅ ላይ፣ መርፌ በእሳት አግለው በማይታይ ቦታ ቢወጉት፣ በሰልፈር የበሰለ ጎማ አይቀልጥም፤ ይለበልበዋል፣ የተቃጠለ ጎማም ይሸታል። ፕላስቲክ ከሆነ ግን መርፌው ቀልጦለት ይገባል። የተለመደው ቢጫ ማስቲሽ የሚሠራው ዱፖንት እ.ኤ.አ. በ1930 ካገኘው ኒዮፕሪን ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ሲሆን፣ ለጎማና ለቆዳ እጅግ ተስማሚ ነው። ፒቪሲ ለተባለው ፕላስቲክ ግን አይሆንም፤ በፕላስቲኩ ውስጥ ለማለስለሻ የተጨመረው ቅባት ቀስ እያለ ወደ ማስቲሹ እየገባ ያላላዋልና ለእርሱ በፖሊዩሪቴን የተሠራ ማጣበቂያ ይመረጣል። ገበያ ላይ የተቀደደ ኮንጎ ጫማ በጋለ ብረት ሲበየድ አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ በሙቀት የሚቀልጥ ቁስ ከማጣበቅ ይልቅ እርስ በርሱ ማቅለጥ ይሻለዋል።

ሱፐር ግሉን በተመለከተ፣ በትንሽ እርጥበት በሰከንዶች ውስጥ ይጠነክራል፤ ሲጠነክር ግን እንደ ብርጭቆ ደረቅ ስለሚሆን ጫማው በጣቶች ግርጌ በታጠፈ ቁጥር ይሰነጠቃል። የወለቀች የጌጥ ቁራጭ ለመመለስ ካልሆነ በቀር ለሶል አይሁን።

ስለ ብርዱም ስጋትዎ ልክ ነው። የማስቲሹ ማሟሟያ ሲተን ፊቱን ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ በተለይም በክረምት ወራት ጤዛ ይይዝበትና ነጣ ያለ ስስ ጉም ያለብሰዋል። ያንን ካዩ አይለጥፉ፤ አሙቀው ያድርቁትና እንደገና አንድ ቅብ ይቀቡ። የቀኑን ሞቃት ሰዓት፣ ፀሐይ ያረፈበትን ደጅ ይምረጡ።

በመጨረሻም ጤናን በሚመለከት ጠንከር አድርጌ የምናገረው አለኝ። በማስቲሽ ውስጥ ያሉት እንደ ቶሉዊንና ሄክሴን ያሉ ማሟሟያዎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲተነፈሱ ራስን ያዞራሉ፤ ሄክሴን ደግሞ በየቀኑ ለሚተነፍሰው ሰው የእጅና የእግር ነርቭን ይጎዳል። ቤንዚን (benzene) የተባለው፣ ከመኪናው ነዳጅ የተለየ ውህድ ያለባቸው የጫማ ማጣበቂያዎች በኢስታንቡል ጫማ ሠሪዎች ላይ የደም ካንሰር ማስከተላቸው በ1970ዎቹ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። በየጎዳናው ልጆች የሚያሸቱትም ይኸው ማስቲሽ ስለሆነ ክዳኑን አጥብቀው ከልጆች ያርቁት። እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ እየተሳበ ይሄዳል፤ ክፍሉ ጥግ ላይ ያለ የከሰል ምድጃ ወይም የቡና እሳት ሊያቀጣጥለው ይችላል።

የቀድሞው ተጓዥ (ሲያትል) የመለሰው፦

ጫማዎቹ ከዚህ ከእኛ አካባቢ የሚላኩ በመሆናቸው ከዚህ በኩል ያለውን ልጨምር። በርካታ ሶሎች ከታች በኩል ከአምስት ሳንቲም የማትበልጥ ክብ ምልክት አላቸው፤ በዙሪያዋ ከ1 እስከ 12 የተጻፉ ቁጥሮች፣ መሃሏ ላይ አንድ ቀስትና ሁለት አኃዝ አለ። ቀስቱ ወሩን፣ አኃዞቹ የምርት ዓመቱን ያመለክታሉ፤ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ከእኛ ጋር እንዳታምታቱት። ከምልክቷ ካጣችሁት በምላሱ ውስጥ ያለው የጨርቅ መለያ ላይ ፈልጉት። ወዳጆቻችን ከጋራዣቸው አውጥተው የሚሰጡን ቦቶች ብዙዎቹ ያልተለበሱና በጣም ያረጁ በመሆናቸው፣ ወደ አገር ቤት ለምንልከው ጫማ ሁሉ ይህንን አይተን ብንልክ እዚያ ያለውን ሰው ከቁልቁለት ላይ እንታደገዋለን።

አንድ የተለመደ ግራ መጋባትም አለ። ከሶሉ በታች የቪብራም ቢጫ ምልክት ሲታይ ጫማው ሁሉ አስተማማኝ ነው ተብሎ ይታሰባል። ይህ ሶል የጣሊያኑ ተራራ ወጪ ቪታሌ ብራማኒ እ.ኤ.አ. በ1935 በአልፕስ ስድስት ጓደኞቹ ከሞቱበት ጉዞ በኋላ ያሰበውና በ1937 የወጣው የጎማ ሶል ዝርያ ነው፤ ምልክቱ የሚናገረው ግን መሬት ስለሚነካው የታችኛው ጎማ ብቻ ነው። በእርሱና በቆዳው መካከል ያለው አረፋ የጫማው ፋብሪካ ምርጫ ስለሆነ ጎማው እንደ አዲስ ሆኖ አረፋው ሊፈርስ ይችላል።

እዚህ በቱቦ የሚሸጡ፣ ሲደርቁ እንደ ላስቲክ የሚለመጡ ወፍራም የጫማ ማጣበቂያዎች አሉ፤ ሹ ጉ ከታወቁት አንዱ ነው። ዋና ጥቅማቸው የተቀደደ ጠርዝን መዝጋትና የአፍንጫን ጫፍ ከድንጋይ መከላከል ነው፤ ስስ ሆነው ሁለት ሰፊ ፊቶችን ለማጣበቅ ከማስቲሽ አይሻሉም። አንድ ቱቦ በሻንጣዬ ልላክላችሁ ለሚል ዘመድ ግን ይህን ንገሩት፦ ማሸጊያው ላይ የነበልባል ምልክት ያለበት ማጣበቂያ በአውሮፕላን ሻንጣ አይጫንም። እዚያው ከገበያ የሚገኘው ማስቲሽ በደንብ ከተቀባ ምንም አይጎድለውም።

ፎርማን (ሐዋሳ) የመለሰው፦

ስለ መስፋት እስካሁን የተናገረ ስለሌለ እኔ ልናገር። ጎማ ሶል ያለውን ጫማ ከለጠፉ በኋላ አፍንጫውን ብቻ በወስፌ በስቶ ሰም በጠጣ የናይለን ክር መስፋት ለሥራ ጫማ ጥሩ ነው፤ አፍንጫ ከድንጋይ ጋር የሚጋጨው ቦታ ስለሆነ ማስቲሹ መጀመሪያ የሚሸነፈው እዚያ ነው። ዙሪያውን ሁሉ መስፋት ግን አልመክርም። ቀዳዳው ሁሉ የውኃ መግቢያ ይሆናል፤ ከሶሉ በታች የወጣው ክርም መሬት ሲነካ ቶሎ ያልቃል። ክሩ እንዳይፈገፈግ ከታች በቢላዋ ቦይ ቀድደው ውስጡ ይቅበሩት።

ሌላው ማሳሰቢያ፣ የብረት አፍንጫ ያለው ወይም ከምስማርና ከኤሌክትሪክ የሚከላከል የሥራ ቦት ቤት ውስጥ ከተለጠፈ በኋላ ሠራተኛው በቀድሞው ጥበቃ ላይ መተማመን የለበትም። ለእግር ጉዞ ይሁን፤ ለግንባታ ሥራ አይሁን።

ተራራ መሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የተባልኩትን ፈትሼ ተመልሻለሁ። የቆዳው ቦት ግራጫ ንጣፍ በጥፍር ሲጫን የግራው ሙሉ በሙሉ ረገፈ፤ ደህና የመሰለኝ ቀኙም ጥፍሬ ሰጥሞ ቀረበት፤ መምህርት እንዳሉት ነው። ክቧ ምልክት ላይ ያለው ዓመትም ከአሥር ዓመት በላይ ያለፈው ነው። የጥቁሩ ጫማ ሶል መርፌው አልገባለትም፤ ለበለበውና ጎማ ጎማ ሸተተ።

ለጋሼ ወስፌ ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። የቆዳው የላይኛ ክፍል እጅግ ጥሩ ስለሆነ መጣሉ ይቆጨኛል፤ ግራጫውን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ሌላ መተካት ይቻላል? ሁለተኛ፣ እዚህ ያገኘሁት ቆርቆሮ ማስቲሽ ቀድሞ የተከፈተ ነበርና ወፍሮ እንደ ማር ሆኗል፤ በቤንዚን ላቅጥነው ወይ?

ወስፌ፦

ስለ ማስቲሹ ልጀምር። በእንጨት ስታነሣው ወፍራም ክር እየሆነ የሚወርድ ከሆነ ገና በሕይወት አለ፤ ከሚሸጥበት ሱቅ የራሱን ማቅጠኛ ጠይቀህ ጥቂት በጥቂት እያደረግህ አማስለው። የመኪና ቤንዚን አታድርግበት፤ ማስቲሹን ይቆራርሰዋል፣ ቅባትም ይተውበታል። ረግቶ በእንጨቱ ላይ እየተቆረሰ የሚነሣ ከሆነ ግን ማቅጠኛውም አይመልሰውም፤ ጣለውና ትንሹን ቆርቆሮ አዲስ ግዛ። ለአንድ ጥንድ ጫማ ብዙ አይፈጅም።

የቆዳውን ቦት በተመለከተ፣ ይቻላል፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ አትሞክረው። ግራጫው እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት መነቀል አለበት፤ ጥቂት እንኳን ከቀረ አዲሱ በላዩ ላይ ስለሚቀመጥ አብሮ ይነሣል። ይህን በእጅ በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍግ ቆዳውን ከጠርዙ ትበላዋለህ፤ መፍጫ ማሽን ያለው ጫማ ሠሪ ግን በአጭር ጊዜ ያጠራዋል። ከዚያ ጠንከር ያለ የአረፋ ሉህ፣ ኢቪኤ የሚባለውን፣ በግራጫው ውፍረት ቆርጦ ይለጥፋል፤ ኢቪኤ እርጥበት አያፈርሰውም። መርካቶ የጫማ ሥራ ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች በየውፍረቱ ይገኛል። የታችኛው ጎማህ ጥርሱ ገና ካላለቀ ከአሮጌው አረፋ ተፈቅፍቆና ተሸካክሮ መልሶ ይለጠፋል፤ አዲስ መግዛት ላያስፈልግህ ይችላል። ሁለቱንም እግር በአንድ ጊዜ አሠራ። አንዱን ብቻ ብታሠራ ቁመታቸው ይለያይና ወገብህ ነው የሚከፍለው። ሂሳቡን ከመስማማትህ በፊት ሠሪው ኢቪኤውን ከመለጠፉ አስቀድሞ በሙቀትና በብርጭቆ ወረቀት ፊቱን እንደሚያዘጋጅ ጠይቀው፤ ልሙጡን እንዳለ የሚለጥፍ ከሆነ ወደ ሌላው ሂድ። ከጎማ የተቆረጠ የበረባሶ ሶል ላድርግልህ የሚልህም ይኖራል፤ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ለቁልቁለት ግን ከባድ ነው፤ እኔ ብሆን ለእርሻ ጫማ እንጂ ለአንተ ሥራ አልመርጠውም።

የኬሚስትሪ መምህርት፦

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከተሠራ በኋላ ቦቱን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው አያስቀምጡ፤ እሳት ዳርም አያድርቁት። ውስጡን በጋዜጣ ሞልተው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቦታ ያቆዩት። ምድጃ አጠገብ የደረቀ ጫማ ቆዳው ይኮማተራል፣ ማስቲሹም ይለሰልሳል፤ ከዝናብ ጉዞ ማግሥት የሚከፈቱ ሶሎች ብዙዎቹ ሌሊቱን እሳት ዳር ያደሩ ናቸው።

ወስፌ፦

ልክ ነው። ጥቁሩን ጫማ ደግሞ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ላስቲኩን ስትፈታ፣ ገና ሳታደርገው በሁለት እጅህ ይዘህ ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ጥቂት ጊዜ እጠፈውና መስመሩን ተመልከት። ካልተከፈተ ጨርሰሃል። ከተከፈተ ግን ማስቲሹ የት እንደቀረ እየው፦ ሁሉም ቆዳው ላይ ቀርቶ ጎማው ባዶውን ከወጣ ያልተፈገፈገው ወይም ቅባት ያለበት ጎማው ነው፤ ሁሉም ጎማው ላይ ቀርቶ ከሆነ ቆዳው አቧራ ነበረው ወይም የመጀመሪያውን ቅብ ጠጥቶ ሁለተኛው አልተደገመለትም፤ በሁለቱም ላይ እኩል ቀርቶ መሃሉ ክር እየሠራ ከተላቀቀ ደግሞ ሳይደርቅ ተገናኝቷል ማለት ነው። ያንኑ አንዱን ወገን ብቻ አርመህ ድገመው።